ለቤት ወርክሾፕ የዲስክ ግራይንደር የትኛው ሞተር ይሻላል፣ ፍጥነቱስ በምን ይቆጣጠራል?

እንጨትና ብረት (አዲስ አበባ)፦

ጤና ይስጥልን። ከመደበኛ ሥራዬ ውጭ በግቢዬ ጥግ ባለች የላሜራ ክፍል ውስጥ የወጥ ቤት ቢላና አነስተኛ የእንጨት ዕቃ እሠራለሁ። ለቢላው የመኪና ባሌስትራ፣ ለእጀታው ወይራና ዋንዛ ነው የምጠቀመው። እስካሁን በእጅ ግራይንደር፣ በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት ነበር የምጨርሰው፤ ነገር ግን የቢላው ጎን ጠፍጣፋ ሆኖ እንዲወጣና በብረቱና በእጀታው መካከል ብርሃን እንዳያልፍ ከተፈለገ ጠረጴዛ ያለው የዲስክ ግራይንደር ግድ እንደሆነ ተረድቻለሁ። ገበያ ላይ ያየኋቸው ማሽኖች ወይ በጣም ትናንሽ ናቸው፣ ወይ ፍጥነታቸው አንድ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ራሴ ልሠራው ወስኛለሁ።

የዲስኩ ስፋት 30 ሴንቲሜትር እንዲሆን አስቤያለሁ። በእጄ ያለው ሞተር ከውሃ ፓምፕ የወጣ፣ ባለ ነጠላ ፌዝ፣ 0.75 ኪሎዋት፣ በደቂቃ 2850 ዙር የሚዞር ነው። ምናለሽ ተራ ደግሞ አንድ ነጋዴ ከፈረሰ የእንጨት ሥራ ድርጅት የወጣ ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር አሳይቶኛል፤ 1.1 ኪሎዋት ሲሆን ዙሩ በደቂቃ 1400 ነው። ቤቴ የገባው መብራት ግን ነጠላ ፌዝ 220 ቮልት ብቻ ነው። ለእንጨት ፈጠን፣ ለብረት ዝግ እንዲልልኝ እፈልጋለሁ። የትኛውን ሞተር ይዤ፣ ፍጥነቱን በምን ልቆጣጠር? ነጋዴው «ዲመር ግጠምበትና እንደፈለግህ ቀንስ» ብሎኛል፤ አንድ ጓደኛዬ ደግሞ የእጅ ግራይንደሩን ራሱን ጠረጴዛ ላይ አስረህ ዲስኩን ግጠምበት ይላል።

ሞተር ጠምጣሚ፦

ወንድሜ፣ ሞተር ከመምረጥዎ በፊት የዲስኩ ጠርዝ በሰከንድ ስንት ሜትር እንደሚሄድ ያስሉ። እንጨቱን የሚያቃጥለውም ሆነ ብረቱን የሚያሰማያዊው እሱ ነው፤ የሞተሩ ዙር ለብቻው ብዙ አይነግርዎትም። ስሌቱ ቀላል ነው፦ የዲስኩን ስፋት በሜትር ወስደው በ3.14 ያባዙት፣ ውጤቱን በደቂቃ ዙሩ ያባዙትና ለ60 ያካፍሉት። 30 ሴንቲሜትር ዲስክ በ1400 ዙር ሲሄድ ጠርዙ በሰከንድ 22 ሜትር ይሄዳል፤ ይህ ለእንጨት ደኅና ፍጥነት ነው። ያንኑ ዲስክ በፓምፑ ሞተር በ2850 ዙር ካዞሩት ወደ 45 ሜትር ይደርሳል። በዚህ ፍጥነት ወይራን የመሰለ ጠንካራና ቅባት ያለው እንጨት ወዲያው ይጠቁራል፣ ወረቀቱ በእንጨቱ ዱቄት ይደፈናል፣ ወረቀቱን የያዘው ማጣበቂያም በሙቀት ይለሰልሳል። በዚያ ላይ ዲስኩ ሚዛኑን በትንሹ እንኳ ቢስት፣ ዙሩ በእጥፍ ሲጨምር የሚያናውጠው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል።

የጓደኛዎን ሐሳብ በዚሁ ስሌት ይመዝኑት። የእጅ ግራይንደር በደቂቃ ወደ 11000 ዙር ይሄዳል። 30 ሴንቲሜትር ዲስክ ቢታሰርበት ጠርዙ በሰከንድ ከ170 ሜትር በላይ ይሄዳል፤ ለብረት መቁረጫና መፍጫ የሚሸጡት ዲስኮች እንኳ የሚፈቀድላቸው ጣሪያ 80 ሜትር ነው። ይህ ሰው የሚገድል ነገር ስለሆነ በፍጹም አይሞክሩት። በመቆጣጠሪያ ዝግ አደርገዋለሁ ቢሉም መቆጣጠሪያው በተበላሸ ቀን ሞተሩ ወደ ሙሉ ዙሩ ነው የሚመለሰው።

የፓምፑን ሞተር ለፓምፕ ይተዉት። ከዙሩ መብዛት ሌላ፣ የብዙዎቹ ሻፍት ለፓምፑ ክንፍ ተብሎ የተሠራ ስለሆነ ከበድ ያለ ዲስክ የሚታሰርበት በቂ ርዝመትም ውፍረትም የለውም። እንዲህ ያለ የነጠላ ፌዝ ሞተር ነጋዴው እንዳለው በዲመር አይቀነስም። ባለ ሦስት ፌዙ ሞተር ጥምጥሙ ጤነኛ ከሆነ ትክክለኛው ምርጫ እሱ ነው። ሦስት ፌዝ ቤት ስላልገባ አያስቡ፤ መፍትሔው ቪኤፍዲ የሚባለው መሣሪያ ነው። ከሶኬት ነጠላ ፌዝ 220 ቮልት ይቀበልና ለሞተሩ ሦስት ፌዝ 220 ቮልት እየሰጠ ፍሪኩዌንሲውንም አብሮ ይቀያይራል። ባለ 4 ፖል (አራት የማግኔት ዋልታ ያለው) ሞተር በ50 ኸርዝ 1400 አካባቢ ከዞረ በ25 ኸርዝ ወደ 700፣ በ20 ኸርዝ ወደ 550 ይወርዳል።

ጀማሪ አናጺ፦

አንድ ነገር አልገባኝም። ሳሎናችን ጣሪያ ላይ ያለው ማራገቢያ በነጠላ ፌዝ የሚሠራ ሞተር ነው፤ በግድግዳ ላይ መቆጣጠሪያም ፍጥነቱ በደንብ ይቀንሳል። ታዲያ የነጠላ ፌዝ ሞተር በዲመር አይቀነስም የሚባለው ለምንድን ነው? ቪኤፍዲ ከዲመር ጋር የማይወዳደር ዋጋ ስላለው ነው የምጠይቀው።

የኤሌክትሪክ መምህር፦

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነጋዴውን ያሳሳተውም ይኸው ማራገቢያ ሳይሆን አይቀርም። በመጀመሪያ የኢንዳክሽን ሞተር፣ ማለትም እንደነዚህ ያለው ካርቦን የሌለው ሞተር፣ ዙር በዋናነት የሚወሰነው በፍሪኩዌንሲውና በፖሎቹ ብዛት ነው፤ 120ን በፍሪኩዌንሲው አባዝተን ለፖሎቹ ብዛት ስናካፍል የማግኔቱን ዙር እናገኛለን። በእኛ አገር 50 ኸርዝ፣ ባለ 2 ፖል 3000፣ ባለ 4 ፖል 1500፣ ባለ 6 ፖል 1000 ይሆናል፤ ሞተሩ ጭነት ሲይዝ ከዚህ ጥቂት ወደኋላ ስለሚቀር ታርጋው ላይ 2850፣ 1400፣ 940 የመሳሰሉ ቁጥሮችን እናነባለን። ዲመር ቮልቴጁን እንጂ ፍሪኩዌንሲውን አይነካም። ስለዚህ ሞተሩ አሁንም 1500ን እያሳደደ ጉልበት ብቻ ያንሰዋል፤ ጉልበቱም የሚያንሰው በቮልቴጁ ስኩዌር ስለሆነ ቮልቴጁ ግማሽ ሲሆን የመጠምዘዝ ኃይሉ ሩብ ይሆናል።

ማራገቢያው ላይ ይህ ለምን ሠራ ከተባለ፣ የአየር ጭነት ከዙሩ ጋር አብሮ በፍጥነት ስለሚቀንስ ነው። ክንፉ ዝግ ሲል አየሩ የሚጠይቀው ጉልበትም እጅግ ያንሳል፤ የማራገቢያ ሞተርም ይህን እንዲችል ተደርጎ የሚሠራ ትንሽ ሞተር ነው። ግራይንደር ላይ ግን ቢላውን ዲስኩ ላይ ሲጫኑት ዲስኩ ዝግ ቢልም የሚጠየቀው ጉልበት አይቀንስም። ሞተሩ ይደክማል፣ ብዙ ከረንት ይስባል፣ ይግላል፣ በመጨረሻም ይቆማል።

ከዚህ የከፋው ደግሞ በካፓሲተር የሚነሣ የነጠላ ፌዝ ሞተር ላይ የሚደርሰው ነው። እንዲህ ያለው ሞተር ውስጥ ማስነሻ ጥምጥሙን የሚያቋርጥ፣ በዙር ኃይል የሚከፈት ስዊች አለ። ዙሩ ሲወርድ ስዊቹ ተመልሶ ይዘጋና ለጥቂት ሰከንድ ብቻ የታሰበው ማስነሻ ጥምጥም ያለማቋረጥ ኤሌክትሪክ ውስጥ ይቆያል፤ በአጭር ጊዜ ውስጥም ይቃጠላል። በዚሁ ምክንያት እንዲህ ያለውን ሞተር ከቪኤፍዲ ጋር ማገናኘትም መፍትሔ አይሆንም። ዲመር የሚያዋጣው ካርቦን ላላቸው ሞተሮች፣ ማለትም እንደ እጅ ትራፓኖና እንደ እጅ ግራይንደር ላሉት ነው፤ እነሱ ደግሞ ጠዋት ተነሥተው እስከ ማታ ለሚዞር የጠረጴዛ ማሽን አልተሠሩም።

ቢላ ሠሪ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። በዚህ በኩል በትርፍ ሰዓቴ ቢላ ስለምሠራ ስለ ብረቱ የማውቀውን ላካፍል። እዚህ ያሉ ቢላ ሠሪዎች በብዛት የሚጠቀሙት 9 ኢንች፣ ማለትም 23 ሴንቲሜትር የአሉሚኒየም ዲስክ ነው፤ ዋና ሥራውም ብረት ማንሣት ሳይሆን ጠፍጣፋ ማድረግና ማጥራት ነው። ብዙውን ብረት ሌላ ማሽን ካነሣው በኋላ ዲስኩ ላይ የሚሠሩት በደቂቃ ከ300 እስከ 600 ዙር ባለው ውስጥ ነው። በ600 ዙር የዚያ ዲስክ ጠርዝ በሰከንድ 7 ሜትር ገደማ ነው የሚሄደው፤ ለእንጨት ከተባለው 22 ሜትር ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ ይታያል።

ዝግታው የሚያስፈልገው ለስለቱ ሲባል ነው። የባሌስትራ ቢላ ከተጠለቀ በኋላ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሞቆ ጥንካሬው ይስተካከላል። ዲስኩ ላይ ጫፉ ሰማያዊ ከመሰለ ሙቀቱ 300 ዲግሪ አካባቢ ደርሷል ማለት ነው፤ ያ ቦታ ለስልሷል፣ ስለትም አይይዝም። ስለቱ ከወረቀት ብዙም በማይወፍርበት ሰዓት ይህ እንዲሆን አንድ ሰከንድ ይበቃል። ስለዚህ ቢላውን ያለ ጓንት ይያዙት፤ ጣትዎ ሲሞቀው ውሃ ውስጥ ይንከሩት። የጨርቅ ጓንት በሚዞር ዲስክ አጠገብ በሌላም ምክንያት አደገኛ ነው፤ ክሩ ከተያዘ እጅን ይዞ ይገባል።

የዲስኩ አንዱ መልካም ነገር መሐሉ ላይ ፍጥነቱ ዜሮ፣ ጠርዙ ላይ ሙሉ መሆኑ ነው። በ30 ሴንቲሜትር ዲስክ ላይ ከመሐሉ 7 ሴንቲሜትር ተኩል ርቀት ላይ ቢሠሩ የጠርዙን ግማሽ ፍጥነት ያገኛሉ። ሆኖም ይህ ለጥቃቅን ነገር እንጂ ረጅም ቢላ ለመጥረብ አይሆንም፤ የቢላው ርዝመት ከዝግታው ወደ ፍጥነቱ ስለሚሻገር አንዱ ጫፍ ከሌላው የበለጠ ይበላል።

ከዚህ አገር ሞተር ልላክ ለሚሉ ዘመዶችም አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ የቤቱ ሶኬት 120 ቮልት 60 ኸርዝ ነው። ባለ ነጠላ ፌዝ 120 ቮልት ሞተር አዲስ አበባ ሄዶ 220 ላይ ከተሰካ ያልቅለታል፤ በትራንስፎርመር ቢወርድለት እንኳ በ50 ኸርዝ ዙሩ በስድስት አምስተኛው ይቀራል፣ ይግላልም። ባለ ሦስት ፌዝ 230 ቮልት ሞተር ግን ከ220 ቮልት ቪኤፍዲ ጋር ያለ ችግር ይሠራል፤ መሠረታዊ ፍሪኩዌንሲውን 60 ኸርዝ ብሎ ማስገባት ብቻ ነው የሚፈልገው። የሻፍቱ ልክ በኢንች፣ ብዙውን ጊዜ ስምንት አምስተኛ ኢንች መሆኑን ደግሞ የቶርኖ ባለሙያው ቀድሞ ይወቀው።

ከመሮጫ ማሽን የወጣ የዲሲ ሞተርም እዚህ ብዙ ይጠየቃል። በርካሽ ይገኛል፣ ፍጥነቱም ይቆጣጠራል፤ ነገር ግን የተጻፈበት የፈረስ ጉልበት በደቂቃ ከ4000 በላይ በሆነ ዙር ላይ የሚገኝ ነው። በ1400 ዙር ስናሠራው ከዚያ ጉልበት ሲሶውን ብናገኝ ነው። አካሉም ክፍት ስለሆነ የብረቱን ብናኝ በራሱ ማራገቢያ ወደ ውስጥ ይስባል። ለዲስክ አልመርጠውም።

ሞተር ጠምጣሚ፦

ወንድማችን ከሜሪላንድ የሰጡት በጣም ጠቃሚ ነው፤ በሻፍቱ ልክ ላይ ግን ስምንት አምስተኛ ያሉት አምስት ስምንተኛ ለማለት ነው፤ ወደ 16 ሚሊሜትር የሚጠጋ ነው። የዙሩም ነገር እንዲሁ፣ ከስድስት እጅ አምስቱ ይቀራል ለማለት እንደሆነ ይገባኛል።

ጠያቂው ምናለሽ ተራ ወዳዩት ሞተር ሲመለሱ ታርጋውን አጽድተው ያንብቡልን። ታርጋው ላይ ቮልቱ 220/380 ከሆነ ይግዙ፤ 380/660 ከሆነ ይተዉት፤ ምክንያቱም እሱ በ220 ቮልት ሙሉ ጉልበት አይሰጥም። ሻጩ ከፈቀደ ጥምጥሙና አካሉ መካከል በሜገር (የሽቦ ሽፋን ጤንነት መለኪያ) በ500 ቮልት ይለካ። ከ1 ሜጋኦህም በታች ካሳየ እርጥበት ይዟል ወይም ሽፋኑ ተልጧል ማለት ነው። ሻፍቱን በእጅ አዙረው ያዳምጡት፤ ወደ ላይና ወደ ታችም ነቅነቅ ያድርጉት። ኩሽኔታው ቢንኳኳ መቀየር ቀላል ነው፤ ሻፍቱ ኩሽኔታው የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ተበልቶ ከሆነ ግን ሌላ ሞተር ይፈልጉ። ለሌላ ሥራ ችላ የሚባል ልቅነት ለዲስክ አይሆንም፣ ፊቱ ላይ በግልጽ ይታያልና።

እንጨትና ብረት፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ሄጄ ታርጋውን በነጭ ጋዝ አጥቤ አንብቤዋለሁ። 1.1 ኪሎዋት፣ 220/380 ቮልት፣ ዴልታ/ስታር፣ 4.8/2.8 አምፔር፣ 50 ኸርዝ፣ 1400 ዙር ይላል። ሻፍቱ በካሊፐር ስለካው 24 ሚሊሜትር ሆነ። በሜገር የለካልኝ ሰው ደኅና ነው ብሎኛል፣ ሞተሩንም ገዝቼዋለሁ። አሁን የገመዱን ሳጥን ስከፍት ስድስት እግሮች በሁለት ረድፍ ቆመዋል፤ በአንዱ ረድፍ ላይ ያሉት ሦስቱ በናስ ቁራጮች ተያይዘዋል። እንዲሁ ይሁን ወይስ መቀየር አለበት?

ሁለተኛው ጥያቄዬ ስለ ቪኤፍዲው ነው። 0.75 ኪሎዋትና 1.5 ኪሎዋት የሚሉ አግኝቻለሁ፣ መሐሉ ላይ ያለውን አላገኘሁም።

ሞተር ጠምጣሚ፦

አሁን ያለው ስታር ነው፤ ለ380 ቮልት መሥመር የታሰረ ነው። እንዳለ ከ220 ቮልት ቪኤፍዲ ጋር ቢያገናኙት እያንዳንዱ ጥምጥም ሊያገኝ የሚገባውን 58 በመቶ ቮልት ብቻ ያገኛል፤ ጉልበቱም ወደ ሲሶ ይወርዳል። ዲስኩ ይዞራል፣ ቢላውን ሲያስነኩት ግን ይቆማል፤ ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ቪኤፍዲው የማይረባ ነው ብሎ ይመልሰዋል። የናስ ቁራጮቹን ፍቷቸው፣ ጎን ለጎን የነበሩትን ከላይ ወደ ታች አድርገው እያንዳንዱን የላይኛ እግር ከፊት ለፊቱ ካለው የታችኛው እግር ጋር ያያይዙት። ሦስተኛ ቁራጭ ከጠፋ ሳጥኑ ሥር ተቀምጦ እንደሆነ ይፈልጉ፤ በስታር ጊዜ ሁለት ብቻ ስለሚበቁ ትርፉ እዚያ ይቀመጣል። ዳዶዎቹን በደንብ ያጥብቋቸው፤ ሮንዴላቸውን አይርሱ። ይህ ዴልታ ነው፣ ከረንቱም 4.8 አምፔር ይሆናል።

ቪኤፍዲውን በኪሎዋት ሳይሆን በአምፔር ይምረጡት። የ0.75 ኪሎዋቱ መውጫ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 5 አምፔር ነው፤ ለዚህ ሞተር ያንሳል። የ1.5 ኪሎዋቱ 7 አምፔር አካባቢ ስለሚሰጥ እሱን ይግዙ።

ቶርኖ ቤት፦

ስለ ዲስኩ የተናገረ ሰው ስለሌለ እኔ ልግባ። ጥሩ ሞተርና ጥሩ ቪኤፍዲ ኖሮ ዲስኩ ከተወላገደ ማሽኑ ቢላውን እየደበደበ ነው የሚሠራው።

12 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የአሉሚኒየም ሰሌዳ ይፈልጉ። 30 ሴንቲሜትር ሆኖ ሲቆረጥ 2.3 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ያው ዲስክ ከብረት ቢሆን ከ6 ኪሎ ተኩል በላይ ይሆን ነበር። ክብደቱ ኩሽኔታውንም ያደክማል፣ ማስነሣቱንም ማቆሙንም ያዘገያል። ዲስኩን በቀጥታ ሻፍቱ ላይ አያስሩት። ከብረት የሚሠራ ፍላንጅ፣ ማለትም ዲስኩን ከሻፍቱ ጋር የሚያያይዝ ማቀፊያ፣ ያስፈልገዋል፦ ቀዳዳው 24 ሚሊሜትር ሆኖ ሻፍቱ ላይ ያለ ልቅነት በእጅ ግፊት የሚገባ፣ ሻፍቱ ላይ ላለችው 8 ሚሊሜትር ቁልፍ ቦይ የተወጣለት፣ በሁለት ማጥበቂያ ብሎኖች የሚያዝ፣ ከነዚህም አንዱ በቁልፏ ላይ የሚያርፍ። ዲስኩ በፍላንጁ ላይ ከፊት በኩል ጭንቅላታቸው ወደ ውስጥ በሚሰምጥ አራት ወይም ስድስት ብሎኖች ይታሰራል።

ከሁሉም በላይ የምለምንዎት፣ የዲስኩ የመጨረሻ ፊት የሚላጨው ከፍላንጁ ጋር ከታሰረ በኋላ ይሁን። ለየብቻ ተላጭተው የሚገጣጠሙ ከሆነ የሁለቱ ስሕተት ይደመራል። ፊቱ ላይ የሚታየው ውልግድግድ ከ0.1 ሚሊሜትር ባይበልጥ ጥሩ ነው። ባለ መርፌ መለኪያ ከሌለዎት አንድ የተሳለ ሚስማር ጠረጴዛው ላይ በክላምፕ ይሰሩ፣ ጫፉን ወረቀት ብቻ በሚያሳልፍ ርቀት ወደ ዲስኩ ያስጠጉ፣ ዲስኩን በእጅ እያዞሩ ክፍተቱን ከኋላው ባትሪ አብርተው ይመልከቱ። ብርሃኑ የሚሰፋበትና የሚጠብበት ቦታ ካለ በዓይን ይለያል።

ቪኤፍዲ ዲስኩን ወደ ኋላም ስለሚያዞር ብዙዎች ይወዱታል፤ ስለዚህ ነው በጥርስ የሚጠመዘዝ ዲስክ እንዳይጠቀሙ የምመክረው፤ አቅጣጫው ሲቀየር ተፈትቶ ይወጣል። ጠረጴዛውንም ከዲስኩ 2 ሚሊሜትር በማይበልጥ ርቀት ያስጠጉት፣ ሥራዎም ሁልጊዜ ዲስኩ ወደ ታች በሚወርድበት ጎን ይሁን። በሚወጣበት ጎን የተያዘ ቢላ ተነሥቶ ወደ ፊት ይመጣል።

የኤሌክትሪክ መምህር፦

ቪኤፍዲው ከመጣ በኋላ ስለሚደረገው እኔ ልጻፍ፤ አንዱ ነጥብ ለእኛ አገር ከሌሎቹ ሁሉ የሚበልጥ ስለሆነ ከሱ እጀምራለሁ። መብራት ይሄዳል፣ ሰው ማሽኑን ትቶ ይወጣል፣ ዲስኩ ላይ የተደገፈ ዕቃ ይረሳል፤ መብራቱ ሲመለስ ማሽኑ ብቻውን ከተነሣ ልጅ አጠገቡ ሊኖር ይችላል። አንዳንድ ቪኤፍዲዎች ማስነሻቸው ተጭኖ በሚቀር ስዊች ከታሰረ ኃይል እንደተመለሰ ሞተሩን ያስነሣሉ። ስለዚህ ማስነሻውና ማቆሚያው ተጭነው የሚለቀቁ ሁለት በተኖች ይሁኑ፤ በመመሪያው ላይ የሦስት ገመድ መቆጣጠሪያ የሚባለው ነው። መብራት ሲመለስ በራስ መነሣት የሚለው መስመርም መዘጋቱን ያረጋግጡ። ይህን ማሽን ያለ ቪኤፍዲ በነጠላ ፌዝ ሞተር የሚሠራ ሰውም በተራ የግድግዳ ማብሪያ አያስነሣው፤ ኃይል ሲቋረጥ በራሱ የሚለቅ ኮንታክተር ይግጠምለት።

ቪኤፍዲው ውስጥ ከሚገቡት ቁጥሮች የሞተሩ ከረንት 4.8፣ መሠረታዊ ፍሪኩዌንሲው 50፣ ቮልቱ 220 ይሁን። ከፍተኛውን 60 ኸርዝ፣ ዝቅተኛውን 15 ኸርዝ ላይ ይወስኑት። ከ50 በላይ ሲወጣ ዙሩ ይጨምራል፣ ጉልበቱ ግን ስለሚሳሳ ከ60 በላይ መሄዱ ለዚህ ሥራ ጥቅም የለውም። ከ15 በታች ደግሞ የሞተሩ የራሱ ማራገቢያ በቂ አየር ስለማይነፍስ ረጅም ጊዜ ቢሠራ ይግላል። መሣሪያው ቬክተር የሚባል አሠራር ካለው እሱን መርጠው ሞተሩን አንድ ጊዜ እንዲያጠናው ያድርጉ፤ በ15 እና በ20 ኸርዝ ላይ የሚገኘው ጉልበት በግልጽ ይሻላል። ማስነሻ ጊዜውን 3፣ ማቆሚያ ጊዜውን 6 ሰከንድ አካባቢ ይጀምሩት። ማቆሚያውን በጣም ካሳጠሩት እየዞረ ያለው ዲስክ ሞተሩን ጄነሬተር ያደርገውና ቪኤፍዲው ቮልት በዝቷል ብሎ ይዘጋል።

በቪኤፍዲውና በሞተሩ መካከል ስዊች አያስገቡ፤ ሞተሩ በሥራ ላይ ሳለ ያ ስዊች ቢከፈት ቪኤፍዲው ሊቃጠል ይችላል። መሥመሩ ከዲቫይደር ሳይሆን ከብሬከር ሳጥኑ በቀጥታ በ2.5 ሚሊሜትር ስኩዌር ገመድ የሚመጣ ይሁን። ኧርዝ ሽቦው ቪኤፍዲውንም የሞተሩን አካልም ጠረጴዛውንም ይያዝ። ክዳኑን መክፈት ካስፈለገዎት ነቅለው ከአምስት ደቂቃ ያላነሰ ይጠብቁ፤ ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች 311 ቮልት ገደማ ይዘው ይቆያሉ፣ ይህም ይገድላል።

የብረት ብናኝ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ርካሽ ቪኤፍዲዎች አየር ማስገቢያቸው ክፍት ስለሆነ መሣሪያውን ከግራይንደሩ ራቅ አድርገው ግድግዳ ላይ፣ ሰፋ ባለና በር ባለው የብረት ሳጥን ውስጥ ይስቀሉት፤ በተኖቹንና የፍጥነት ማስተካከያውን ብቻ በገመድ ወደ ማሽኑ ያምጡ። ማታ ማታ በሰፈር መብራት በሚደክምበት ሰዓት ቪኤፍዲው ቮልት አንሷል ብሎ ቢቆም ብልሽት አይደለም፤ ራሱን መጠበቁ ነው።

የአማራጭ ሐሳብ (ባሕር ዳር)፦

ቪኤፍዲ መግዛት ለማይችል ሰው በቺንጋና በፑሌ መሥራት እንደሚቻል ማስታወስ እፈልጋለሁ። ባለ 4 ፖል ነጠላ ፌዝ ሞተር ላይ ደረጃ ያለው ፑሌ ይገባል፤ ዲስኩ በሁለት ባለ እግር ኩሽኔታዎች ላይ በተቀመጠ ሌላ ሻፍት ይታሰራል። ከ80 ሚሊሜትር ወደ 160 ሚሊሜትር ፑሌ ሲሄድ 1400 የነበረው ዙር 700 ይሆናል፣ የጠርዙም ፍጥነት በሰከንድ ወደ 11 ሜትር ይወርዳል፤ ለብረትም በጥንቃቄ ይሠራል። ቪኤፍዲ የማይሰጠው አንድ ጥቅምም አለው፦ ዙሩ በግማሽ ሲቀንስ ዲስኩ ላይ ያለው የመጠምዘዝ ኃይል በእጥፍ ይጨምራል። ጉድለቱ ቺንጋውን ለመቀየር በየጊዜው ማቆም ማስፈለጉና የቺንጋው ንዝረት ወደ ሥራው መድረሱ ነው። ቺንጋው ከነፑሌዎቹ በላሜራ መሸፈን አለበት።

እንጨትና ብረት፦

ለሁላችሁም ከልብ አመሰግናለሁ። ቺንጋውን በተስፋ መቁረጥ ሳይሆን በቦታ ጥበት ምክንያት ትቼዋለሁ። ባለ 1.1 ኪሎዋቱን ሞተር በዴልታ አስሬያለሁ፣ 1.5 ኪሎዋት ቪኤፍዲም አዝዣለሁ። አሉሚኒየሙ ተገኝቷል፣ ፍላንጁን ለቶርኖ ልሰጥ ነው። ሁለት ነገር ቀርቶኛል። እንጨትና ብረት በአንድ ማሽን መሥራቴ በአቧራው በኩል ችግር አለው? ወረቀቱንስ በምን ላጣብቀው?

ቶርኖ ቤት፦

ፍላንጁን ለሚሠራው ሰው ልኩን በወረቀት ጽፈው አይስጡ፤ ሞተሩን ራሱን ይውሰዱለት። አሮጌ ሻፍት 24 ተብሎ 23.95 ሊሆን ይችላል፣ ለዲስክ ደግሞ ይህ ልዩነት ይታያል።

ቢላ ሠሪ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)፦

አቧራው በጣም ችግር አለው። የብረት ፍንጣሪ የእንጨት ዱቄት በተጠራቀመበት ሳጥን ውስጥ ሲገባ ወዲያው ላይነድ ይችላል፤ ውስጥ ውስጡን እየጨሰ ቆይቶ እርስዎ ወደ ቤት ከገቡ በኋላ ይነሣል። ከእንጨት ወደ ብረት ሲሻገሩ ከዲስኩ ሥር ያለውን ሁሉ ጠርገው ያውጡ፣ አቧራ መሳቢያውንም ይንቀሉት፤ ብረት ሲፈጩ ከዲስኩ ሥር ውሃ ያለበት የብረት ሰፌድ ወይም ጣሳ ያስቀምጡ። የእንጨቱን ዱቄት በክፍሉ ውስጥ አያሳድሩት። አፍንጫዎንም ለሁለቱም ሥራ በደንብ በሚገጥም ጭምብል ይሸፍኑ።

ወረቀቱን በተመለከተ ከኋላው ኮላ ያለውን ካገኙ እሱን ይጠቀሙ፤ ካላገኙ ተራውን ብርጭቆ ወረቀት በሚረጭ ኮላ ዲስኩ ላይ ያጣብቁት፣ ከመሐል ወደ ጠርዝ አየሩን እያወጡ በእንጨት ይጫኑት። ለብረት ጨርቅ ጀርባ ያለው ይሻላል። ሲያረጅ ዲስኩን በፀጉር ማድረቂያ ሞቅ አድርገው ከጠርዙ ቢጀምሩ ሙሉ ሆኖ ይላቀቃል፤ የቀረውን ኮላ ደግሞ አዲሱን ከመለጠፍዎ በፊት በነጭ ጋዝ ጠርገው ያድርቁት።